የመጀመሪያ ቬፕ፦ ሲጋራ ለመተው ለቆረጠ አዋቂ አጫሽ

ከለንደን የተመለስኩ ቀን ከቦሌ ወደ ቤት የወሰደኝ ሾፌር በመስታወት አየት አድርጎኝ፣ «ጋሼ፣ ማንጎ ይዘዋል እንዴ?» አለኝ። ማንጎ አልያዝኩም። የጃኬቴ ኪስ ግን ርሷል። ኪሴ ውስጥ የነበረችው ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ማንጎ ማንጎ የሚሸተው ፈሳሿ አውሮፕላኑ ላይ ፈስሶ ኖሯል። ዕቃዋ የተበላሸች መስሎኝ የሸጠልኝን ሰው ስረግም ደረስኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው። ወደ ታች ስንወርድ እነግራችኋለሁ።

አሁን ሲጋራም ቬፕም የለኝም። እዚህ የደረስኩት ግን በመጀመሪያው ሙከራ አይደለም። አንዴ ወድቄ፣ ሁለተኛ ጊዜ ዱባይ ለሥራ ስሄድ ነው የተሳካልኝ። ስለዚህ የምጽፈው ከሁለቱም ነው፤ ካበላሸሁትም ካስተካከልኩትም።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሚያነብ እንነጋገር። 21 ዓመት ያልሞላው ሰው እዚሁ ያቁም። የማያጨስ ሰውም እንደዚሁ። ለማያጨስ ሰው ቬፕ የሚያመጣለት አዲስ ሱስ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ልቡን የሚያመው፣ እነሱ መጀመሪያ ሐኪም ያናግሩ። የቀረነው እኛ ነን፤ በየቀኑ የምናጨስና መተው የፈለግን።

ሕጉን እንጨርስ

«የት ይገኛል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መልስ የለኝም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን፣ ሺሻንና ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆን ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። በሕግ የሚሸጥ ሱቅ የለም ማለት ነው። በጓሮ የሚሸጠው ደግሞ ማን እንደሞላው አይታወቅም። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ገብተው ነበር። 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ምክንያት ከመንገድ የተገዛ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ነገር ነው። የማይታወቅ ጠርሙስ እንዲህ ነው።

ታዲያ መመሪያው ለማን ነው? ለትምህርት፣ ለሥልጠና፣ ለሥራ ለጥቂት ወራት ወደሚፈቀድበት አገር ለሚሄድ ሰው። እዚያው ለሚኖርም። ምክሬ አንድ ነው፦ እዚያ ጀምራችሁ እዚያው ጨርሱት። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ሕጉን ሳላነብ ይዤው መምጣቴ ነው። ከተመለስኩ በኋላ ፈሳሹ በ9 ቀን አለቀ። የሚገዛበት የለም። በ10ኛው ቀን ስታዲየም አካባቢ ካለው ሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁ። ማታ ፓኮ ያዝኩ።

ስለዚህ የመመለሻ ትኬታችሁ ቀን የቬፑም የመጨረሻ ቀን ነው። የሚቀጥለው ሁሉ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት፣ እዚሁ አዲስ አበባ፦ ቁጠሩ

በነጠላ የሚገዛ ሰው በቀን ስንት እንደሚያጨስ አያውቅም። ፓኮ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ፓኮው ያሳብቅበታል። እኛ ግን አንድ ከቢሮ በር፣ አንድ ከሊስትሮው፣ ሁለት ከቡና ጋር እያልን ነው የምንኖረው። እኔ «7 ወይም 8 ነው» እል ነበር። ስቆጥር 17 ሆኖ አገኘሁት።

የቆጠርኩበት ዘዴ ይኸው። ጠዋት 20 የክብሪት እንጨት ቀኝ ኪስ ይገባል። አንድ ሲጋራ በተለኮሰ ቁጥር አንድ እንጨት ወደ ግራ ኪስ ይሻገራል። ማታ የግራው ይቆጠራል። ለ1 ሳምንት። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ግን አራት ኪሎ ቆሞ ሲያወራ ስልክ አውጥቶ የሚጽፍ ሰው አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ከተነሳችሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያዋን እንደምትለኩሱ ልብ በሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው። የኒኮቲኑን መጠን የምትመርጡት በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የትኛዋ ሲጋራ ከምን ጋር እንደተያያዘች ጻፉ። ከቡና፣ ከጫት፣ ከታክሲ ሰልፍ፣ ከአለቃ ጋር ከመጋጨት። በኋላ ያስፈልጋል።

ዕቃውን መምረጥ

ሱቁ ውስጥ ስትገቡ ቀለሙ ያደናብራል። የከረሜላ ቤት ይመስላል። ግን ነገሩ ቀላል ነው። ሁሉም ውስጥ ያለው አንድ ነው፦ ባትሪ፣ ኮይል የሚባል የሚግል ሽቦ፣ ሽቦውን የጠቀለለ ጥጥ፣ ጥጡ የሚጠጣው ፈሳሽ። ባትሪው ሽቦውን ያግላል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ትነቱ ይሳባል። እሳት የለም። ስላልተቃጠለ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም። ጉዳቱ ከሲጋራ የሚያንሰው በዚህ ነው። «ያንሳል» ማለት ግን «የለም» ማለት አይደለም። ኒኮቲኑ እንዳለ ነው፤ ሳንባ ደግሞ የተሠራው ለአየር ነው።

ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ተጠቅሞ የሚጣለው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ባይከለከልም አልመክርም፤ የኒኮቲኑን መጠን ደረጃ በደረጃ መቀነስ አይቻልበትም፣ ይህ መመሪያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በመቀነስ ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው ትልቁ፣ ከባዱ፣ ቁልፍና ስክሪን ያለው፣ ደመና የሚያስወጣው ነው። እሱ የትርኢት ነው። ጎረምሶች ይወዱታል። ለእናንተ አይሆንም።

ሦስተኛው ፖድ ነው። አውራ ጣት የምታህል፣ ቁልፍ የሌላት፣ ሲስቧት ብቻ የምትሠራ፣ ፈሳሽ የሚሞላባት። ይህችን ውሰዱ። ሻጩ የኮይሉን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መለኪያውን) ሲነግራችሁ ከ1 ኦም በላይ የሆነውን ምረጡ። ጠበብ ያለ ትንፋሽ ይሰጣል፣ እንደ ሲጋራ። ከ1 በታች የሆነው በአንዴ ሳንባ የሚሞላ ነው፤ ለጀማሪ ሳል ነው ትርፉ። መለዋወጫ ፖድ መኖሩንም ጠይቁ። ዕቃው ርካሽ ሆኖ ፖዱ የማይገኝ አለ።

ፈሳሹ፦ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ጠርሙሱ ላይ በሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ኒኮቲን እንዳለ ተጽፏል። አውሮፓና እንግሊዝ ከ20 በላይ አይፈቅዱም። ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፣ ፖዱም ከ2። ሌላ አገር ግን 50 ያጋጥማችኋል። ደግሞ አንዳንዱ በፐርሰንት ይጽፋል። 5 ፐርሰንት ማለት 50 ሚሊ ግራም ነው እንጂ 5 አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ትንሹን ነው የገዛሁት» ብሎ 5 ፐርሰንቱን ሲስብ ውሎ አመሻሹን አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ ሲያቅለሸልሸው አግኝተነዋል።

በቀን ወደ 20 የሚያጨስ፣ ወይም ጠዋት በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚለኩስ ሰው ከ18 እስከ 20 ይጀምር። ወደ 10 የሚያጨስ ከ10 እስከ 12። ከ5 በታች ከሆነ ከ3 እስከ 6 ይበቃዋል። ብዙ ሰው ፈርቶ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ከዚያ ሐራራው አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ይውላል፣ በመጨረሻም ሲጋራውን ይለኩሳል። እኔም መጀመሪያ 6 ነበር የገዛሁት። በ3ኛው ቀን ሁለቱንም እያጨስኩ ነበር። ሁለቱንም ማጨስ ደግሞ ምንም ጥቅም የለውም፤ ወጪ ብቻ ነው።

የኒኮቲን ሶልት የሚባለው የኒኮቲን ዓይነት ጉሮሮ ላይ ለስላሳ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ፈሳሹ ከሁለት ነገር ነው የሚሠራው፣ ከፕሮፒሊን ግላይኮልና ከግሊሰሪን። ለፖድ ግማሽ በግማሽ የሆነውን ምረጡ። ግሊሰሪን የበዛበት ወፍራም ነው፣ የትንሿን ፖድ ጥጥ ያንቃል። ጣዕሙን ለምርጫችሁ እተወዋለሁ። የትምባሆ ጣዕም የሚሉት ግን ሲጋራ አይመስልም፤ አትልፉ።

ስትገዙ ከመመለሻ ቀናችሁ ቆጥራችሁ ግዙ። ለምሳሌ 3 ወር ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ወር 20፣ ሁለተኛውን 10፣ ከዚያ ለ2 ሳምንት 5 ወይም 6፣ የመጨረሻውን ኒኮቲን የሌለው 0። አንድ ጊዜ ሁሉንም ገዝታችሁ በተራ አስቀምጡ። ሱቅ በሄዳችሁ ቁጥር ከፍ ያለውን የመግዛት ፈተና አለ።

መሙላት

ፖዷን ነቅላችሁ ከጎኗ ያለውን የላስቲክ ክዳን ክፈቱ። ከጠርሙሱ ቀስ አድርጋችሁ ሙሉ። እስከ አፍ አትሙሉ፣ ጥቂት አየር ይቅር። ዝጉ። በሶፍት ጥረጉ። ከዚያ 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ይህችን 10 ደቂቃ የሚታገስ ሰው ጥቂት ነው። አዲስ ጥጥ ደረቅ ነው። ፈሳሹ ሳይሰርገው ከተሳበ ውሃ ሳይገባበት እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት ነው፤ ያርራል። ያረረ ጥጥ ጣዕሙ አይመለስም፣ ፖዱ ይጣላል። በኋላም የማረር ጣዕም ከመጣ አትታገሉት። ፖድ ሲያረጅ እንደዚያ ነው፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይቀየራል።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። ጠርሙሱን ልጅ ከማይደርስበት፣ ከተቻለ ከተቆለፈበት አኑሩ። ባለ 20ው 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ፣ የሚሸተው ደግሞ ከረሜላ ከረሜላ ነው። ለሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል።

አሳሳቡ

ሲጋራ በፍጥነትና በኃይል ይሳባል። ቬፕ አይወድም። ቀስ ብላችሁ 3 ወይም 4 ሰከንድ፣ ጉንጭ ውስጥ ሰብስባችሁ ከዚያ ወደ ውስጥ። በኃይል ከሳባችሁ ፈሳሹ ምላስ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሳስላል፣ አፍም ይደርቃል። ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ሲጋራ ያልቃል። 10 ወይም 12 ጊዜ ተስቦ ቁራጩ ይጣላል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ቬፕ ማለቂያ የላትም። ጠረጴዛ ላይ ካለች እጅ ብቻውን ይሄዳል። ማለቂያውን የምታበጁላት እናንተ ናችሁ። እኔ 10 ጊዜ ስቤ ኪሴ እከታት ነበር፣ አንዱ ሲጋራ አለቀ እል ነበር። ያን ስወስን ነው ቬፑ መሣሪያ የሆነችልኝ፤ ከዚያ በፊት ጌታዬ ነበረች።

ከሲጋራ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ወዲያው ካልተሰማችሁ አትደርድሩ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ራስ ካዞራችሁ፣ ምራቅ ከበዛ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ልብ ከመታ በዝቷል ማለት ነው። አቁሙ፣ አየር ወዳለበት ውጡ።

ጫት የሚቅም ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በምርቃና ሰዓት እጅ አይቆጥርም። ጫቱም ኒኮቲኑም ሁለቱም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ቢቻል ቬፑ የያዛችሁበት ወራት ከጫት እረፍት ይሁን።

የቡናው ነገር

ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ከሁሉ ይበልጣል።

የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ ነው። ስለዚህ ሲጋራ ትታችሁ ቬፕ ብትይዙም ያ ነገር ይቆማል። በፊት ምንም ያልሆናችሁበት ቡና በደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ የምትነሱ ከሆነ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ትበሳጫላችሁ። ከዚያ «ሲጋራ መተው ነው ያሳበደኝ» ትላላችሁ። ያበሳጫችሁ ቡናው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግማሽ ቀንሱት።

በዚሁ መንገድ የሚነኩ መድኃኒቶችም አሉ፣ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ለምሳሌ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ባትሪና አውሮፕላን

ባትሪዋን በራሷ ገመድ፣ በተራ ቻርጀር ሙሉ። ለአዲስ ስልክ የመጣውን ፈጣን ቻርጀር ተዉት። አልጋ ላይ፣ ተኝታችሁ፣ አይሆንም። ስታረጅ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ የሊቲየም ባትሪ ከተቃጠለ ሊፈነዳ ይችላል። የሸጠላችሁ ሱቅ መልሶ ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አውሮፕላን ላይ ወደ ካርጎ የሚገባ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ውስጥ መሳብም፣ ቻርጅ ማድረግም አይቻልም። በየት አገር እንደምታልፉም እወቁ። ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ታይላንድ ይዞ መግባትን ከልክላለች። ሲንጋፖር መያዝ ራሱ ወንጀል ነው።

አሁን የማንጎው ጉዳይ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ልክ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሊሳሳ ይችላል። አዲስ አበባም ወደዚያው ነች። ለንደን ላይ የሞላችሁት ፖድ ውስጥ የቀረው አየር ከፍ ሲል ይለጠጥና ፈሳሹን ገፍቶ ያስወጣዋል። ፖዱን ባዶ አድርጎ መብረር ነበረብኝ። ዕቃዋ ምንም አልነበረባትም።

ሐራራው ሲመለስ

ኒኮቲኑን ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር 3 ወይም 4 መጥፎ ቀን አለ። ብታውቁት ይሻላል። የሐራራ ማዕበል ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ቀድማችሁ የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡ፤ ከቡና ጋር የምትመጣዋን፣ ከጭቅጭቅ ጋር የምትመጣዋን። ለእያንዳንዷ ምን እንደምታደርጉ አስቀድሙ። እኔ ከቡና በኋላ እነሳለሁ። ቆሞ መሄድ ብቻ። ስታዲየም ዙሪያ አንድ ዙር እስኪያልቅ ሐራራው ያልፋል፤ አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሰበብ የለም።

አዲስ አበባ ስትገቡ ፈተናው ሰዎቹ ናቸው። ከቢሮ ውጭ የቆመው ጓደኛ ይዘረጋላችኋል። «ትቻለሁ» በሉ እንጂ «እየተውኩ ነው» አትበሉ። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ይጋብዛል።

ለማይሄድ ሰው

ውጭ የመሄድ ነገር የሌለው አጫሽ ምን ያድርግ? ቬፕ አያስፈልገውም። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ፤ ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ፋርማሲ ጠይቁ፣ አንዱ ጋ ከታጣ ሌላው ጋ። ፕላስተሩ 21፣ 14 እና 7 ሚሊ ግራም እያለ ይወርዳል፤ አወራረዱ ከላይ ካልኩት ጋር አንድ ነው።

ማስቲካውን ግን እንደ ባናና ማስቲካ አታላምጡት። ጥቂት አላምጣችሁ ምላስ ላይ ማቃጠል ሲጀምር አቁሙ፣ ጉንጭና ድድ መሀል አኑሩት። ማቃጠሉ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት አላምጡ። ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ነው። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ቆዳ ነው፤ ከተዋጠ ሆድ ያማል እንጂ አይሠራም። ቡና ደግሞ አፍን ያኮመጥጠዋል፣ ኒኮቲኑም አይገባም። ማስቲካ አፍ ውስጥ እያለ ቡና አይጠጣም። ከጠጣችሁም 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ማስቲካው።